ለአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የትኛው ሐረግ ይስማማል? አምስት የቤት ውስጥ የሐረግ ተክሎች ሲነጻጸሩ

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገ ጣፎ ወይም በሱሉልታ አዲስ ቤት የገባ ሰው ሳሎኑን አረንጓዴ ለማልበስ ሲያስብ ዓይኑ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከመደርደሪያ ላይ ወደ ታች በሚወርድ ወይም ግድግዳ ይዞ በሚወጣ የሐረግ ተክል ላይ ነው። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ግን ምርጫው ይምታታበታል፤ ፖቶሱም ፊሎዴንድረኑም «መኒ ፕላንት» ተብለው ይቀርቡለታል፣ ስለ ሁሉም «የትም ቦታ ይሆናል፣ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም» ይባልለታል። ተክሉ ቤት ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ገዢው «እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እንደ እኔ እምነት ግን አብዛኛው ጥፋት የእጅ ሳይሆን የምርጫ ነው፤ ለቀዝቃዛ ክፍል ሙቀት ፈላጊ፣ ፀሐይ ለሚያቃጥለው መስኮት ጥላ ወዳድ ተክል እንገዛለን።

የሚያሳስተን ሌላም ነገር አለ። በእጃችን የሚገቡት የእንክብካቤ መመሪያዎች በአብዛኛው የተጻፉት ቀዝቃዛው ወቅት ሲመጣ ቀኑ በጣም ለሚያጥርባቸው፣ ቤታቸው ግን በማሞቂያ ለሚሞቅላቸው ሰዎች ነው። የእኛ ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ቤታችን ግን ማሞቂያ የለውም። ትርጉሙም ያደናግራል፤ የውጭውን ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት» ብለን ስንተረጉመው የዝናብ ወቅታችንን እናስባለን፣ እዚህ ግን ተክል የሚጎዳው ቅዝቃዜ የሚመጣው በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው። ስለዚህ በዳርቻው ያለ ሰው ተክል ሲመርጥ በመጀመሪያ የክፍሉን የሌሊት ቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን አቅጣጫ ቢያይ፣ ውበቱን ደግሞ ከእነዚህ በኋላ ቢያስብ ይሻለዋል።

## ከተክሉ በፊት ቤቱን መለካት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብትሆንም ዳርቻዎቿ እኩል አይቀዘቅዙም። አቃቂ ወደ 2100 ሜትር ዝቅ ሲል ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ትወጣለች፤ አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ መካከል የሁለትና የሦስት ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ትለቀዋለች፤ የውጭው አየር ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች ይደጋገማሉ፣ በሱሉልታ ሜዳማ ስፍራዎች ውርጭም ይጥላል። የብሎኬት ግድግዳና ነጠላ መስታወት የተገጠመለት የብረት መስኮት ደግሞ ይህን ቁር እምብዛም አይመክቱም።

ለገ ጣፎ በገባሁበት የመጀመሪያ በጋ ፊሎዴንድረንና ሆያ በአንድ መስኮት ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ስነሣ መስታወቱን ተደግፎ ያደረው የፊሎዴንድረን ቅጠል በፈላ ውሃ የተነከረ መስሎ ጠቁሮ አገኘሁት፤ ከጎኑ የነበረው ሆያ ግን አንድ ቅጠል እንኳ አልጎደለበትም። ያ ጠዋት በእውነት አሳዝኖኛል፣ ተክሉን ያገኘሁት ከእናቴ ቤት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ተክል ከማስገባቴ በፊት ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቴርሞሜትር አኖራለሁ። በታኅሣሥ ሦስትና አራት ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት፣ ቁጥሩን ማንበብ በቂ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ምንም አይነግርዎትም፣ ሁሉም ቤት በቀትር ይሞቃልና። ንባቡ ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አምስቱም ይሆንልዎታል። ከ12 እስከ 15 ባለው ውስጥ ከሆነ ምርጫዎ ወደ ሦስት ይወርዳል። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ በልበ ሙሉነት የምመክረው አንዱን ብቻ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ «የደቡብ መስኮት ብሩህ፣ የሰሜን መስኮት ጨለማ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ በከፊል ብቻ ይሠራል። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ፀሐይ በሰሜን በኩል ከምትሆንባቸው ወራት አብዛኞቹ ደመናማ በመሆናቸው የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፣ ለሐረግ ተክሎችም እጅግ የተመቸ ነው። የደቡብ መስኮት ግን ቀጥተኛውን ፀሐይ የሚቀበለው ሰማዩ ጥርት ባለበትና አየሩ ደረቅ በሆነበት በጋ ውስጥ ነው፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይ ጨረር ኃይለኛ ስለሆነ ስስ መጋረጃ ካልጋረደው ቅጠሉ ላይ የተቃጠለ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። የምሥራቅ መስኮት የጠዋት ፀሐይ አይጎዳም፤ ከምዕራብ መስኮት አንድ ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይበጃል።

ከቅዝቃዜና ከብርሃን በተጨማሪ አራት ነገሮችን እመዝናለሁ። አንደኛው ውሃ ሲዘገይ ተክሉ ምን ያህል ይታገሣል የሚለው ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛው ለሚድህ ሕፃን፣ ለድመትና ለውሻ ያለው አደጋ ነው። ሦስተኛው የሚይዘው ቦታና የሚፈልገው ድጋፍ ሲሆን አራተኛው ወጪው ነው፤ ወጪ ስል የችግኙን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመትከያውን፣ የአፈሩንና የድጋፉን ጭምር ነው።

## ፖቶስ

ፖቶስ በተፈጥሮ የበቀለው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው ሞኦሪያ በምትባል የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ላይ ነው። በዱር ዛፍ ይዞ ሲወጣ ቅጠሉ ወደ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ወደ ታች ሲንጠለጠል ግን ከእጅ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። አበባ የሚያወጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂቤረሊን የተባለ ሆርሞን በበቂ መጠን አያመርትም። በዚህም ምክንያት በየቤታችን ያለው ፖቶስ ማለት ይቻላል ሁሉም ከቁራጭ የተባዛ ነው፤ ከጎረቤት የተቀበሉት ቁራጭ ከሱቅ ከሚገዛው በምንም አያንስም።

ትልቁ ብልጫው ይቅር ባይነቱ ነው። የላይኛው አፈር ደርቆ ሳምንት ቢዘገይ ቅጠሉን ያጠወልጋል እንጂ አይሞትም፤ ውሃ ሲያገኝ በማግስቱ ይቃናል። ደብዛዛ ብርሃን ይችላል፣ ሆኖም በጨለማ ጥግ ሲቆይ ቢጫና ነጭ ዝንጉርጉሩ እየጠፋ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ግንድም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ መጨመር ስሕተት ነው፤ የጎደለው ብርሃን ነውና ወደ መስኮት መቅረብ አለበት። ሌሊቱን ከ12 ዲግሪ በታች ሲያድር ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ለመብላት የማይሆን መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ምራቅ ያዝረበርባል። ይህ ጠባይ ከዚህ በታች የሚመጡት የፊሎዴንድረን፣ የሲንጎኒየምና የሞንስቴራም ስለሆነ ደግሜ አልጽፈውም።

## ባለ ልብ ቅጠሉ ፊሎዴንድረን

ከመካከለኛው አሜሪካና ከካሪቢያን የመጣ ሲሆን ከፖቶስ ጋር የሚምታታው ይህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የፖቶስ የቅጠል እጅ (ቅጠሉን ከግንዱ የሚያገናኘው ዘንግ) ወደ ላይ በኩል ጎድጎድ ያለ ቦይ አለው፣ የፊሎዴንድረኑ ደግሞ ክብ ነው፤ የፊሎዴንድረን አዲስ ቅጠል በቀጭን ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣና ሽፋኑ ኋላ ደርቆ ይወድቃል። ቅጠሉ ይበልጥ ስስና ለስላሳ ነው፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ደብዛዛ ብርሃንን እንደ ፖቶስ ይችላል፤ ቅዝቃዜን ግን አይችልም። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በላይ በሚቆይ፣ ሰው በሚበዛበት መካከለኛ ክፍል ውስጥ ካልሆነ አልመክረውም።

## ሲንጎኒየም

ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ የሚበቅል ነው። በልጅነቱ የቀስት ጫፍ የመሰለ ቅጠል ያወጣል፤ ሲጎለምስና መውጣት ሲጀምር ያው ቅጠል ተከፋፍሎ ጣት ያለው ይመስላል። የቀስቱን ቅርጽ የሚወድ ሰው ጫፉን በየጊዜው ቢቆርጠው ተክሉ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። እርጥበት ይወዳል፣ የበጋው ደረቅ አየር የቅጠሉን ጠርዝ ያደርቅበታል፣ ከ15 ዲግሪ በታችም ይጎዳል። መስኮት ላለው ማዕድ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት የተመቸ ነው።

## ሞንስቴራ

ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባሉ ደኖች የሚገኘው ሞንስቴራ ሰዎች በብዛት የሚመኙት፣ በመጠኑ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ተክል ነው። ሲገዛ ሦስት ቅጠል ያለው ትንሽ ችግኝ ይሆናል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰው ቁመት በልጦ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ሊሰፋ ይችላል። የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ማለት አንድ ወንበር ማስነሣት ነው።

«የገዛሁት ሞንስቴራ ቅጠሉ አይበሳም» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። የወጣት ተክል ቅጠል ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳና ስንጥቁ የሚመጣው ተክሉ ሲጎለምስ፣ በቂ ብርሃን ሲያገኝና የሚወጣበት ድጋፍ ሲኖረው ነው። ድጋፉን ውድ ከሆነ ሱቅ መግዛት አያስፈልግም። ውፍረቱ የእጅ አንጓ የሚያህል የባሕር ዛፍ አጣና በአሮጌ የቃጫ ጆንያ ጠቅልሎ በሲባጎ ማሰርና ተክሉ ከመተከሉ በፊት መትከያው መሃል ላይ ማቆም ይበቃል፤ ጆንያው በየሦስት ቀኑ ርጥብ ሲደረግ ከግንዱ የሚወጡት የአየር ሥሮች ይይዙታል። እነዚህን ሥሮች አይቁረጧቸው፣ ተክሉ የሚጨብጥባቸው ናቸውና።

በቅዝቃዜ በኩል ከፖቶስ ትንሽ ይጠነክራል፤ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ሳይሞት ያልፋል፣ ከ15 በታች ግን አዲስ ቅጠል ማውጣት ያቆማል። በዚህ ጊዜ ብዙ ውሃ ከተሰጠው ሥሩ ይበሰብሳል፤ የሞንስቴራ ሞት በዳርቻው ቤቶች በአብዛኛው የሚመጣው ከቅዝቃዜና ከብዙ ውሃ መገጣጠም ነው። ሰፋፊ ቅጠሎቹ አቧራ ይሰበስባሉ፤ አስፋልት ባልገባበት ሰፈር በየሳምንቱ በርጥብ ጨርቅ መወልወል ግድ ይላል። ለማብረቅ ሲባል ዘይት መቀባት ግን የቅጠሉን መተንፈሻ ይደፍናል።

## ሆያ

ሆያ የሌሎቹ ዘመድ አይደለም። በስፋት የሚገኘው ዓይነት ከምሥራቅ እስያ የመጣ ሲሆን ቅጠሉ ወፍራምና ሰም የተቀባ የመሰለ ነው፤ በዚያ ቅጠል ውስጥ ውሃ ያከማቻል፣ የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳዎችም በአብዛኛው ሌሊት ከፍቶ ቀን በመዝጋት ውሃ ይቆጥባል። የአፈሩ አብዛኛው ክፍል ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ቧንቧው ለአሥር ቀን ቢጠፋ የሚያስጨንቅዎ ሆያው አይሆንም።

ለደጋ ቤት የምመርጠው ግን ከሁሉ በላይ በቅዝቃዜው ምክንያት ነው። 10 ዲግሪ የሚወርድ ሌሊት አይጎዳውም፤ እንዲያውም ለጥቂት ወራት በቀዝቃዛና በደረቅ ሁኔታ ማረፉ ለማበብ ይረዳዋል። በጋችን ይህን ዕረፍት ያለ ምንም ድካም ይሰጠዋል። ከመጋቢት በኋላ አየሩ ሲሞቅ ውሃውን ቀስ በቀስ ማሳደግና ከምሥራቅ መስኮት አጠገብ ማቆየት ነው፤ ተክሉ ከጎለመሰ መሃሉ ቀላ ያሉ፣ ኮከብ የመሰሉ ትናንሽ አበቦችን በዘለላ ያወጣል፣ መዓዛቸውም ሲመሽ ይጎላል። አበባው ሲረግፍ የሚቀረውን አጭር እንጨት መቁረጥ ትልቅ ስሕተት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያብበው ከዚያው ላይ ነውና። ቅጠል የሌለው ረጅም ጅማት ሲያወጣም አይቁረጡት፤ የሚይዘው ነገር እየፈለገ ነው።

ጉድለቱ ዝግታው ነው። ፖቶስ በአንድ ዓመት የሚሸፍነውን መደርደሪያ ሆያ በሦስት ዓመት ላይሸፍነው ይችላል፤ ጨለማ ጥግም አይሆነውም። የካልሲየም ኦክሳሌት ችግር ካለባቸው ተክሎች ወገን አይደለም፣ ለድመትና ለውሻም መርዛማ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጅ መታጠብ ይገባል።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| ተክል | የሌሊት ሙቀት ዝቅተኛ ወሰን | ብርሃን | የውሃ ትዕግሥት | ለሕፃንና ለእንስሳት | ቦታና ድጋፍ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፖቶስ | 12 ዲግሪ | ከደብዛዛ እስከ ብሩህ ጥላ (ቀጥተኛ ፀሐይ የማያርፍበት ብሩህ ቦታ) | ጥሩ | ከተበላ ያቃጥላል | ትንሽ፣ ያለ ድጋፍ ይወርዳል | በጣም ዝቅተኛ |
| ፊሎዴንድረን | 15 ዲግሪ | ከደብዛዛ እስከ ብሩህ ጥላ | መካከለኛ | ከተበላ ያቃጥላል | ትንሽ፣ ያለ ድጋፍ ይወርዳል | ዝቅተኛ |
| ሲንጎኒየም | 15 ዲግሪ | ብሩህ ጥላ | ደካማ | ከተበላ ያቃጥላል | ትንሽ፣ ጫፉ ይቆረጣል | ዝቅተኛ |
| ሞንስቴራ | 10 ዲግሪ | ብሩህ ጥላ | መካከለኛ | ከተበላ ያቃጥላል | ሰፊ፣ ጠንካራ ድጋፍ ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| ሆያ | 10 ዲግሪ፣ ለአጭር ጊዜ ከዚያም በታች | ብሩህ፣ የጠዋት ፀሐይ ጨምሮ | በጣም ጥሩ | አደጋው አነስተኛ | ትንሽ፣ ቀለበት ወይም ሽቦ ይበቃል | መካከለኛ |

## ለማን የትኛው

በኪራይ ቤት የሚኖርና ብዙ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ከጎረቤት ሁለት የፖቶስ ቁራጭ ይቀበል። ከአንጓው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ግንድ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጥ በሞቃት ወራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል፤ በታኅሣሥ ግን ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ይበሰብሳል። ቤት ሲቀየር ደግሞ ተሸክሞ መሄድ ቀላል ነው።

በሱሉልታ፣ በእንጦጦ ግርጌ ወይም ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ በሆነ ቤት የሚኖር ሰው ሆያን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሆያ ካላገኘና ክፍሉ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ የአውሮፓውን አይቪ መሞከር ይችላል፤ የሐሩር ተክል ስላልሆነ ቅዝቃዜን ይወዳል፣ ሕፃንና እንስሳ ባለበት ቤት ግን እርሱም መርዛማ መሆኑ ይታሰብ። የሚድህ ሕፃን ላለበት ቤት መልሴ ያው ሆያ ነው። ፖቶስን ከፍ አድርጎ መስቀል በቂ ይመስላል፣ ነገር ግን ሐረግ ይወርዳልና ጫፉን በየወሩ መቁረጥ ካልቻሉ ሕፃኑ ይደርስበታል።

የራሱ ቤት፣ ሰፊ ሳሎንና የሌሊት ሙቀቱን የሚጠብቅ ክፍል ያለው ሰው ገንዘቡን በአምስት ትናንሽ ተክሎች ከሚበትን አንድ ሞንስቴራ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይረካል። የሰሜን መስኮት ያለው ጸጥ ያለ ሞቃት መኝታ ቤት ለፊሎዴንድረን ይሆናል። መስኮት የሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ግን ለአምስቱም አይሆንም፤ በየሳምንቱ እያፈራረቁ ማስገባትና ማውጣትም ተክሉን ያደክመዋል።

## ገንዘቡ የት ይዋል

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከችግኙ ቀንሰው አፈሩ ላይ ያውሉት። በአቃቂና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለው ዋልካ አፈር ሲረጥብ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በመትከያ ውስጥ ሥር ያፍናል። ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ አሽ ደቀቅ ተደርጎ ቢቀላቀል ለአራቱ ይስማማል፤ ለሆያ የቀይ አሹን መጠን በእጥፍ ያሳድጉት። ለእርሻ የሚገዛ ዩሪያ መትከያ ውስጥ አይበትኑ፣ ሥር ያቃጥላል። መትከያው የቀለም ባልዲም ቢሆን ግድ የለም፤ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ይኑረው። ሸክላ ቶሎ ስለሚደርቅ እጃቸው ውሃ ለሚያበዛ ሰዎች ይመረጣል።

ከሮቶ በማለዳ የተቀዳ ውሃ ለሥር በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ማታ ቀድተው ቤት ውስጥ ያሳድሩት፤ ክሎሪኑም በአብዛኛው ይተናል። ጣትዎን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ አስገብተው ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡ። በክረምት አየሩ ርጥብ፣ ብርሃኑም ደብዛዛ ስለሆነ ይህ ድርቀት ዘግይቶ ይመጣል፤ በቀን ቆጠራ የሚያጠጣ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ተክሉን ያሰጥመዋል።

የሚገዙበትንም ጊዜ ይምረጡ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የገባ ተክል ቁሩ ከመምጣቱ በፊት ሥር ለመስደድ ከአምስት ወር በላይ አለው፤ በኅዳር የተገዛው ግን ከሞቀ መጠለያ በቀጥታ ወደ ብርድ ይገባል። ከሻጩ ዘንድ ሆነው ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በአንጓው ላይ ካለ፣ ወይም ከጀርባው ቀጭን ድርና ቀያይ ነጥብ ከታየ ተባይ ነው፣ ዋጋው ቢቀንስም ይተዉት። አዲስ ቅጠል እያወጣ ያለውን ይምረጡ፣ ቤት ሲያደርሱትም ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ተክሎች ለይተው በሌላ ክፍል ያቆዩት።